የሾተላይ መርፌና 72ቱ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛ ቡና ልትጠጣ መጣች። ስድስት ወር አልፏታል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ካርዱን ተቀብያት አየሁት። ክብደት ተጽፏል። የደም ግፊት ተጽፏል። የሽንት ምርመራ ተጽፏል። «የደም ዓይነት» የሚለው ቦታ ላይ ግን ምንም የለም።

«ይሄን ለምን አልሞሉልሽም?» አልኳት።

«እኔንጃ፣ የዛን ቀን መመርመሪያው አልቋል አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳው፣ እኔም ረሳሁት።»

ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ሳየው ልቤ ይደነግጣል። ምክንያት አለኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን አክስቴን ላስተዋውቃችሁ።

አክስቴ ሰበታ ነው የኖረችው። የመጀመሪያ ልጇ ወንድ ነበር፣ ጤነኛ፣ ዛሬም አለ። ሁለተኛው ተወልዶ በማግስቱ ቢጫ ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሦስተኛዋ ሆዷ ውስጥ እያለች መንቀሳቀስ አቆመች፣ ስትወለድም ሰውነቷ አብጦ ነበር። አራተኛውን ገና በሰባት ወሩ ወለደችው፣ አንድ ቀን አልሞላም። ስም ታስቦለት ነበር፣ ምትኩ ሊሉት። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ሾተላይ አለባት።» አንዷ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ነው ትላለች፣ ሌላዋ እንስራ ተሸክማ ነው ትላለች። ያልሄደችበት ጠበል፣ ያላሰረችው ክታብ አልነበረም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ልጆቼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብላ ነው የኖረችው።

የአክስቴን የደም ዓይነት የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ሾተላይ የሚለው ቃል የቆየ ነው። ልጅ የማይበረክትላት፣ እየወለደች የሚሞትባት ሴት ላይ የሚጣል ስም ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች ከየት እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን፣ ብዙዎቹ ከፊታቸው የሞተ ወንድም ወይም እህት አላቸው። እናቶቻችን ያዩት ነገር እውነት ነበር። አንደኛው ልጅ ደህና ይሆናል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ነገሩ ይበላሻል፣ በየእርግዝናው እየባሰ ይሄዳል። ይህን በደንብ አይተዋል። ያላዩት መንስኤውን ነው፣ እሱን በዓይን ማየት አይቻልማ።

መንስኤው የደም አለመጣጣም ነው። ቀይ የደም ሕዋሳችን ላይ «ዲ» የሚባል ምልክት አለ። ያለው ሰው አር ኤች ፖዘቲቭ ይባላል፣ የሌለው ኔጌቲቭ። «ኦ ፖዘቲቭ»፣ «ኤ ኔጌቲቭ» ስንል ከኋላ የምንጨምራት ቃል እሷ ናት። በአገራችን ኔጌቲቭ የሆነው ሰው ከ100 ውስጥ ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። አውሮፓ ውስጥ 15 አካባቢ ይደርሳል፣ ቻይና ውስጥ ደግሞ አንድ እንኳ አይሞላም። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም። ወንድ ከሆንክ ዕድሜ ልክህን ሳታውቀው ብትኖር በራስህ ላይ የሚያመጣብህ ችግር የለም፣ ደም የሚሰጥህ ቀን ካልመጣ በቀር። ሴት ከሆንሽና ልጅ ከፈለግሽ ግን ማወቅ አለብሽ።

እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህን የገባው ሰው ሁለተኛ «ሾተላይ አለባት» አይልም።

ጽንሱ የራሱ ደም አለው። የእናቱ ደም አይደለም። ልቡ ከተፀነሰ በ22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ይጀምራል፣ ያኔ እናትየው ወር አበባዋ በሳምንት መዘግየቱን ገና እየተጠራጠረች ነው። ደሙን መጀመሪያ የሚሠራው ከጽንሱ ጋር የተያያዘ ትንሽ ከረጢት ነው፣ ከዚያ ጉበቱ ይረከባል፣ መጨረሻ ላይ መቅኔው። የእናትና የልጅ ደም እንግዴ ልጁ ላይ ይገናኛሉ ግን አይቀላቀሉም፣ ቀጭን ግድግዳ በመካከላቸው አለ። ምግብና አየር ያልፋል፣ ቆሻሻ ይመለሳል፣ ደሙ ግን በየቤቱ ነው።

እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወስድ ይችላል። ይህም ራሱ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። በወሊድ ጊዜ እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የልጁ ደም ጥቂት ወደ እናት ደም ሥር ይገባል። የእናት ሰውነት ይህን «ዲ» የሚባል ምልክት አይቶት አያውቅም። ባዕድ ነው ብሎ ይነሳበታል፣ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ ግን ያን ጊዜ ተወልዷል፣ እትብቱ ተቆርጧል፣ አምልጧል። በዛ ላይ ሰውነት መጀመሪያ የሚሠራቸው አንቲቦዲዎች ትልልቅ ስለሆኑ በእንግዴ ልጅ በኩል አያልፉም።

ሁለተኛው ልጅ ነው የሚያገኘው። የእናት ሰውነት አይረሳም። ሁለተኛው ልጅም ፖዘቲቭ ከሆነ በዚህኛው ዙር የሚሠሩት አንቲቦዲዎች ትናንሽ ናቸው፣ እንግዴ ልጁን ሰተት ብለው ያልፋሉ፣ የልጁን ቀይ የደም ሕዋስ እየያዙ ያጠፋሉ። ልጁ ደም ያንሰዋል። ጉበቱና ጣፊያው የጎደለውን ለመተካት ሲጣጣሩ ያብጣሉ። ከባሰ ልቡ ይደክማል፣ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል፣ የአክስቴ ሦስተኛ ልጅ እንደሆነችው። በሕይወት ከተወለደ ደግሞ የፈረሰው ደም ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይሆናል። ሆድ ውስጥ እያለ ይህን የምታጸዳለት እናቱ ነበረች። ከተወለደ በኋላ ብቻውን ነው፣ ጉበቱ ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ይቢጫል። ቢጫው መጠኑን ካለፈ አእምሮ ውስጥ ይገባል። እሱ ነው ሁለተኛውን የወሰደው።

አሁን ስታዩት ቀትርም ወንዝም እንስራም የለበትም። አክስቴ ምንም አላጠፋችም። ባሏም ምንም አላጠፋም። የሁለት ሰው ደም ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ መለየት አለበት። ጽንስ የወረደባት ወይም ልጅ የሞተባት ሴት ሁሉ ይሄ ነው ማለት አይደለም። ከታወቀ እርግዝና ውስጥ ከ100ው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በራሱ ይወርዳል፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ገና ከጅምሩ የክሮሞዞም ስህተት ስላለበት ነው። ጀሪካን በማንሳት አይደለም፣ አምሮት ባለመብላትም አይደለም። ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የደም ግፊትም ልጅ ያስወርዳሉ፣ ሆድ ውስጥ እያለም ይገድላሉ። የደም አለመጣጣም የራሱ አካሄድ አለው፣ መጀመሪያ ደህና፣ ከዚያ እየባሰ የሚሄድ። ሾተላይ የሚለው አንድ ቃል ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ይዞ ስለቆየ፣ እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ ምርመራ እንዳለው ተረስቷል። ቃሉን የምቃወመው ለዚህ ነው። አንዴ ስሙ ከተጣለ ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ሁሉም እንዲህ ትሆናለች ማለትም አይደለም። መርፌ ሳይሰጣቸው ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጌቲቭ እናቶች ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠሩት ከ100ው 16 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ «እኔ ኔጌቲቭ ሆኜ አምስት ወልጃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የምትል እናት ብታገኙ እውነቷን ነው። ዕድለኛ ናት። ዕድል ግን ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

መፍትሔውም መርፌ ነው። አንቲ ዲ ይባላል፣ ሰዉ የሾተላይ መርፌ ይለዋል። ብልሃቱ በጣም ደስ ይላል። መርፌው ውስጥ ያለው የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው። ከወሊድ በኋላ እናትየው ስትወጋ፣ ወደ ደሟ የገቡትን የልጁን ሕዋሳት ገና የእሷ ሰውነት ሳያያቸው ያጸዳቸዋል። ሰውነቷ አልተማረም፣ ቂም አልያዘም። የሚቀጥለው ልጅ እንደ መጀመሪያ ልጅ ሆኖ ይመጣል። መርፌው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ 16 የነበረው ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል። በ28ኛው ሳምንት ላይ አንድ ተጨማሪ ከተሰጠ ደግሞ ከ1 በታች ይሆናል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አር ኤች የታወቀው በ1940 አካባቢ ነው፣ መርፌው ደግሞ ከ1968 ጀምሮ አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አክስቴ የወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በጣም በኋላ።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ።

እኔ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ። ይህን ያወቅሁት ግን በሁለተኛው እርግዝናዬ ነው። የመጀመሪያው አራት ወር ሞልቶኝ ወረደብኝ። አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገና እንደገባን ነበር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ባለቤቴና የጥበቃው ልጅ በወንበር ተሸክመው አወረዱኝ። በሌሊት ባጃጅ ነው ያገኘነው። የሄድኩበት ቦታ ያጸዱልኝ ሰዎች በጣም ደጎች ነበሩ፣ እጄን ይዘው «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» ብለውኛል። መድኃኒት ጽፈው ወደ ቤት ላኩኝ። ስለ ደሜ ዓይነት ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። በአራት ወር የወረደ ጽንስ ደም ከእናት ደም ጋር ሊነካካ ይችላል፣ ያኔ መርፌው ይገባኝ ነበር። (ከ12 ሳምንት በታች ለሚደረግ የጽንስ ማቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያው መርፌው አያስፈልግም ብሏል፣ የእኔ ከዚያ ያለፈ ነበር።)

በዓመቱ ደግሜ አረገዝኩ። የዚያን ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። ልጁ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ አደረገ፣ አንዱ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ውሃ ቀለም የሌለው። በየአንዳንዱ ላይ ከደሜ ጨመረበት። በእንጨት አማሰለው፣ ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ ዘንበል ዘንበል አደረገው። ኤ የሆነ ሰው ሰማያዊው ላይ ደሙ ይቋጠራል፣ ልክ እንደተበጠሰ ወተት። ቢ የሆነ ቢጫው ላይ። ፖዘቲቭ የሆነ ቀለም የሌለው ላይ። የእኔ ሦስቱም ላይ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ኦ ኔጌቲቭ» አለ፣ ከዚያ «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዋላጅ ነርሷ ጋ ስመለስ ጥያቄው በዛ። ወርዶብሽ ያውቃል? በስንት ወሩ? መርፌ ተወግተሻል? ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል? ከዚያ ኩምብስ የሚባል ምርመራ አዘዘችልኝ። ሰውነቴ አንቲቦዲ ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። እዚያ አይሠራም፣ ከተማ ወርጄ ሰጠሁ። ውጤቱ ሁለት ቀን ፈጀ። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው፣ አክስቴ ከዓይኔ አልጠፋችም። ውጤቱ ነፃ ሆነ። ሰውነቴ አልተማረም ነበር። ከ84ቱ አንዷ ሆንኩ በሉት።

አንቲቦዲ ቢገኝ ኖሮ መርፌው አይጠቅመኝም ነበር። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። መርፌው ሰውነት ከመማሩ በፊት ነው የሚሠራው። ከተማረ በኋላ የቀረው ልጁን በቅርብ መከታተል ነው። በአልትራሳውንድ የጽንሱ አእምሮ ደም ሥር ውስጥ ደሙ የሚሮጥበት ፍጥነት ይለካል፣ ደም ያነሰው ልጅ ደሙ ስለሚቀጥን ይፈጥናል። ካስፈለገ ገና ሆድ ውስጥ እያለ በእትብቱ በኩል ደም ይሰጠዋል። ከተወለደም በኋላ ሰማያዊ መብራት ስር ማስተኛት፣ ሲብስ ደሙን መቀየር አለ። ስለዚህ ዘግይቻለሁ ብላ ተስፋ የምትቆርጥ እናት አትኑር። ግን ይህ ሁሉ የትልቅ ሆስፒታል ሥራ ነው፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ፣ አልጋ ተጠብቆ። መርፌው ከዚህ ሁሉ ያድናል።

እንግዲህ 28ኛ ሳምንቴ ደረሰ። የወለድኩበት ጤና ጣቢያ መርፌው የለውም። ምርመራው ነፃ ነው፣ ክትትሉ ነፃ ነው፣ ማዋለዱ ነፃ ነው፣ መርፌውን ግን ከውጭ ግዙ ተባልን። ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ ወጣ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉ መድኃኒት ቤቶችን ዞረ፣ የለም፣ የለም፣ ነገ፣ ከሰዓት ተመለስ። አንዱ ጋ አገኘ። ዋጋው ለእኛ ቀላል አልነበረም፣ ወንድሜ ጨምሮበት ነው። መድኃኒት ቤቱ መርፌውን በካርቶኑ እንዳለ በጋዜጣ ጠቀለለለት፣ ከዚያ በረዶ ያለበት ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ «በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው፣ መቀዝቀዝ አለበት እንጂ በረዶ መሆን የለበትም» አለው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከሜክሲኮ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ኮዬ። ሦስት ታክሲ። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሱሪው ርሶ ነው የደረሰው።

ሁለተኛው ዙር የባሰ ነበር። ቅዳሜ ማታ ወለድኩ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባልኩ፣ ገንፎው ተገነፋ። ልጄ ፖዘቲቭ ሆና ተገኘች። እሁድ አብዛኛው መድኃኒት ቤት ዝግ ነበር፣ የተከፈተው ደግሞ የለውም። እኔ ተኝቼ ሰዓት እቆጥራለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው የተወጋሁት፣ አርባ አራተኛው ሰዓት ላይ። የዳርቻ ሰው 72 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስለዋል። አንድ እሁድ፣ ሁለት የመድኃኒት ቤት «የለም»፣ አንድ ዝናብ ሲጨመርበት ግን ያልቃል። (ካለፈ በኋላም ቢሆን አትተዉት። እስከ 10 ቀን ድረስ መስጠቱ የተወሰነ ጥቅም አለው፣ ሙሉ ባይሆንም።)

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የእኔ ብቻ የማይሆነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ከዚያ ወዲያ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ይህ ዙሪያውን ያለ ሕዝብ ከመሀል ከተማው የተነሳም አለ፣ ከገጠር ገና የመጣም አለ። ወጣት ነው፣ እየወለደ ያለ ነው። ማዋለዱ ወደ ሰፈሩ መጥቶለታል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2019ኙ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር ደረጃ ጤና ተቋም ውስጥ የወለዱት 48 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ነበሩ። መርፌው ግን ከመሀል ከተማ አልወጣም። ወሊዱ ኮዬ፣ መርፌው ጥቁር አንበሳ።

ማቀዝቀዣ የለም እንዳይባል፣ ክትባት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁሉ ማቀዝቀዣ አለው፣ እሱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። የሚጎድለው አቅርቦቱና ዋጋው ነው። መርፌው ውድ የሆነበት ምክንያት አለው፣ ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል የሚቀመም አይደለም፣ አንቲቦዲው ካላቸው ሰዎች በተለገሰ ደም ነው የሚሠራው። አውስትራሊያ ውስጥ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል ሰውዬ ነበር፣ በልጅነቱ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሰው ደም ተረፈ፣ 18 ሲሞላው እሱም መለገስ ጀመረ፣ ደሙ ውስጥ ይህ አንቲቦዲ ሞልቶ ተገኘ። 81 ዓመት እስኪሆነው ከ1,100 ጊዜ በላይ ሰጠ። 2.4 ሚሊዮን ሕፃናትን እንደረዳ ይገመታል። በ2025 የካቲት ውስጥ ነው ያረፈው። እያንዳንዷ መርፌ ከኋላዋ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሏት፣ ስለዚህ እንደ ፓራሲታሞል ትርከስ አልልም። ግን ኔጌቲቭ የሆኑት ከ10 ወይም ከ20 እናት አንዷ ናቸው። ለሁሉም አይገዛም። የሚያዋልድ ጤና ጣቢያ ሁሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ሦስት ብልቃጥ ቢኖረው፣ አንዱ ሲወጣ ቢተካ፣ ባሎች በፌስታል በረዶ ይዘው አይሮጡም። አቅም የሌላት እናት ደግሞ የሚሮጥላትም የላት። እሷ «እሺ» ብላ ወረቀቱን ተቀብላ ትሄዳለች፣ አትገዛም፣ ማንም አይከታተላትም፣ ሁለተኛውን ስታረግዝ ነው የምትመለሰው። እኔን የሚያንገበግበኝ እሷ ናት።

እስከዚያ ድረስ ግን ራሳችን ማድረግ የምንችለው አለ።

የመጀመሪያው ክትትል ላይ የደም ዓይነትሽን አስመርመሪ። «አልቋል» ካሉሽ ካርዱ ላይ ባዶ መሆኑን አትርሺ፣ በሚቀጥለው ጠይቂ፣ ወይም በግል ላብራቶሪ ተመርመሪ፣ ከምርመራዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። በ2019ኙ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አብዛኞቻችን ሆዳችን ሲገፋ ነው የምንሄደው።

ኔጌቲቭ ከሆንሽ ባልሽም ይመርመር። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁ ኔጌቲቭ ነው፣ በዚህ በኩል ሥጋት የለም፣ ገንዘቡም ይተርፋል። ፖዘቲቭ ከሆነ 28ኛ ሳምንትሽን ቀድመሽ ቁጠሪ። በእኛ አቆጣጠር መቁጠሩ ቀላል ነው፣ ወራችን 30 ቀን ነውና። የመጨረሻ ወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ስድስት ወር ከ16 ቀን ቁጠሪ። መስከረም 1 ከነበረ መጋቢት 17 ማለት ነው። መንገድ ላይ ጳጉሜን ካለች እሷን ከ16ቱ ላይ ቀንሺ። መርፌውን ያን ቀን አትፈልጊው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የት እንዳለ ይታወቅ። የወሊዱም እንደዚያው፣ ወር ሲገባ መድኃኒት ቤቱን ማነጋገር፣ ስልኩን መያዝ።

ልጁ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ይመርመር በይ። ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌው አያስፈልግም።

በእርግዝና መሀል ደም ከታየሽ፣ ደረጃ ላይ ወድቀሽ ሆድሽ ከተመታ፣ ባጃጅ ከተገለበጠብሽ፣ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ነው ከተባለ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ከወረደ፣ «ኔጌቲቭ ነኝ» በይ። ሳይጠይቁሽ ተናገሪ። ሆድ መታሸትንም ተዪ። ልጁ ተጋድሟል ብለው የሚያሹ እናቶች ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን እንግዴ ልጁን ሊያላቅቁት ይችላሉ፣ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር አደጋ ነው፣ ለኔጌቲቭ ደግሞ እጥፍ ነው።

ሌላም አለ። ወሊድ ላይ ብዙ ደም ቢፈስሽ የሚሰጥሽ ኔጌቲቭ ደም ነው፣ እሱም በቀላሉ አይገኝም። ቴሌግራም ላይ «ኦ ኔጌቲቭ በአስቸኳይ» የሚሉ መልእክቶችን አይተናል። ዘመድ ውስጥ ኔጌቲቭ ማን እንደሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት፣ እህትና ወንድም የመመሳሰል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ጠበልስ ለምትሉ፣ እናቴ እኔን እንጦጦ ወስዳኛለች፣ እኔም በደስታ ሄጃለሁ። መርፌዬንም ተወግቻለሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ማንም ካህን አትወጊ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ቢጫውም ልናገር፣ ምክንያቱም ይሄ ቤት ውስጥ የሚታይ ነው። ብዙ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ገደማ ትንሽ ይቢጫል፣ ይጠፋል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የሚታይ ቢጫ ግን አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ይኬዳል። እናት ኦ ሆና ልጅ ኤ ወይም ቢ ከሆነም እንዲህ ሊመጣ ይችላል፣ በመጀመሪያ ልጅም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው እንጂ። እኛ አራስ ቤት መጋረጃ ዘግተን ነው የምንቀመጠው፣ ብርሃን ይመታዋል፣ ሰው ያየዋል ብለን። ጨለማ ውስጥ ቢጫ አይታይም። ልጁን መስኮት ዳር አምጥታችሁ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ የእግሩን መዳፍ። ቢጫው ከፊት ተነስቶ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እግር መዳፍ ከደረሰ ብዙ ነው ማለት ነው። ጡት አልይዝ ካለ፣ ከተኛበት አልነቃ ካለ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየዋለሁ አትበሉ። የአክስቴን ልጅ ፀሐይ ላይ ነበር ያወጡት።

ጎረቤቴን በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ላብራቶሪው ውስጥ አብሬያት ገባሁ። ያው ሦስት ጠብታ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀለም የሌለው። ሰማያዊው ላይ ወዲያው ተቋጠረ። ቢጫው ለስላሳ ሆነ። ሦስተኛውን ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየነው፣ ልጁ ሰሌዳውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዘነበለው። አልተቋጠረም።

«ኤ ኔጌቲቭ» አለ ልጁ፣ ካርዷን ተቀብሎ ባዶው ቦታ ላይ ጻፈው።

28ኛ ሳምንቷ ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ደረጃውን ስንወርድ ባሏ ጋ ደወለች፣ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ እንዲመረመር። እኔ ደግሞ የኛን መድኃኒት ቤት ስልክ እየፈለግኩ ነበር።